ሃያ ደቂቃ ሄዳ የምትጠፋ ቮልስ

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስወቅሰው የከረምኩት ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል) ንጹሕ ነበር። ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ጓርኒሲዮኑንም ቀይሬለታለሁ። ጥፋተኛዋ በመኪናዋ ሌላኛው ጫፍ የተቀመጠች፣ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ የጎማ ቱቦ ነበረች። እሷን ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የገጠምኳት እኔው ራሴ ነኝ።

መኪናዋ የ1971 ሞዴል ቮልስ ናት። የአባቴ ነበረች። ሞተሯ 1600፣ ካርቡሬተሯ ባለ አንድ ጉሮሮ ሶሌክስ። አባቴ የተወልኝ ደብተርም አለ። ዘይት የተቀየረበት፣ ቫልቭ የተስተካከለበት፣ ፑንታ የታደሰበት ቀን ሁሉ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ስለ ቤንዚን ቱቦ ግን አንድ መስመር የለም። ለምን እንደሌለ አሁን ገብቶኛል፤ እመለስበታለሁ።

ሕመሟ እንዲህ ነበር። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞርበት ፍጥነት) ቀጥ ያለ ነው። ቅርብ ቦታ ደርሼ ስመለስ ምንም የለባትም። ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ግን፣ በተለይ ዳገት ላይ ወይም በአራተኛ ማርሽ ስትሮጥ፣ መድከም ትጀምራለች። ነዳጅ መስጫውን ስረግጠው መፍጠን ትታ ከኋላ ሰው የያዛት ትመስላለች። ሁለት ሦስቴ ትደናቀፋለች፣ ከዚያ ጸጥ። ዳር ይዤ አስር ደቂቃ እጠብቃለሁ። ቁልፍ ስሰጣት ምንም እንዳልተፈጠረ ብድግ ትላለች። ሰው ፊት የሚያሳፍረው ይሄ ነው። መካኒክ ዘንድ ስትደርስ ጤነኛ ናት።

የቆየ መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል፤ መንገድ ዳር ኮፈን ከፍተህ ከቆምክ ሐኪሙ ብዙ ነው። አንዱ «ካርቡሬተር ነው» ይላል። አንዱ «ቦቢናው ሲግል እየሞተ ነው» ይላል፤ እሳት የሚያመነጨውን ክፍል ማለቱ ነው። አንዱ ደግሞ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ እየተነነ አየር ሠርቷል ባይ ነው። ሦስቱም የሚያስኬድ ነገር አላቸው። የጋለ ቦቢና ልክ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይጫወታል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ቤንዚንም በሙቀት ይተናል፣ የእንፋሎት አረፋ ደግሞ ፖምፓ አያንቀሳቅሰውም። የቤንዚን ቱቧቸው ላይ የእንጨት ልብስ መቆንጠጫ ደርድረው ሙቀቱን ይስብልናል የሚሉ ሰዎችም አሉ። እኔ አልሞከርኩትም። ካርቡሬተሩን ግን ሞከርኩት፤ የሚታየው እሱ ነዋ። ከላይ ተቀምጧል፣ ብሎኖቹ ይደረስባቸዋል፣ ሲታጠብ ያምራል። ሰው የሚፈታው የተበላሸውን ሳይሆን እጁ የሚደርስበትን ነው።

ሁለተኛው እጥበት ካልሠራ በኋላ አባቴ መኪናዋን ያሠራበት ለነበረ፣ አሁን ጡረታ ለወጣ መካኒክ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ካርቡሬተሩን ሙሉ በሙሉ ልቀይረው ይሆን?»

«ቆይ እስኪ ልጄ። ስትጠፋ እንዴት ነው የምትጠፋው? እንደ መብራት ድርግም ትላለች ወይስ እንደ ሻማ?»

«እንደ ሻማ። ቀስ እያለች።»

«እንግዲያው ቦቢናውን ለጊዜው ተዪው። እሳት ሲቋረጥ እንደ መብራት ነው። ቤንዚን ሲያልቅባት ነው እንደ ሻማ። እና በጠፋችበት ሰዓት ካርቡሬተሩን ከአፉ ወደ ውስጥ አይተሽዋል?»

አላየሁም። ሁለት ጊዜ ፈትቼ አጥቤዋለሁ፤ በታመመችበት ሰዓት ግን አንድ ቀንም አላየኋትም። የማጥበው ሁልጊዜ ግቢ ውስጥ፣ ቀዝቅዛ፣ ጤነኛ ሆና ነው።

የነገረኝ ፈተና መሣሪያ የሚፈልገው የአየር ፊልትሮውን ለማንሳት ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ እያዩ የነዳጅ መስጫውን ክንድ በእጅ መግፋት። ጉሮሮው ውስጥ ቀጭን የነሐስ ቱቦ አለች። ክንዱ በተገፋ ቁጥር ከእሷ የቤንዚን ጨረር መርጨት አለበት። ከረጨች፣ ካርቡሬተሩ ቋት ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው። ያኔ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ወይ የተደፈነ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ)፣ ወይ ደግሞ እሳት። ካልረጨች ግን ቋቱ ደርቋል። ቋቱ ከደረቀ ካርቡሬተሩ ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም፤ የሚያቃጥለውን ሰው አልሰጠውም። የመርጫዋ የራሷ ላስቲክ ከተቀደደ ቋቱ ሞልቶም ላትረጭ ትችላለች። ስለዚህ ግቢ ውስጥ፣ በደህናው ሰዓት፣ እንደምትረጭ አስቀድሜ አረጋገጥኩ። በደንብ ትረጫለች።

በማግስቱ ሆን ብዬ ወጣሁ። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ነበር። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ እየጨቆንኳት ወጣን። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ደከመች፣ ተደናቀፈች፣ ጠፋች። እንደዚያ ቀን በመጥፋቷ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፊልትሮውን አነሳሁና ክንዱን ገፋሁት።

ደረቅ። አንድ ጠብታ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ወንዝን ወደ ምንጩ እንደመከተል ነው። ቤንዚኑ የሚመጣበትን መንገድ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ፣ በየጣቢያው «እዚህ ደርሷል?» ብሎ መጠየቅ። ቮልስ ላይ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሰርባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ። ከሰርባትዮው ሥር አጭር የጎማ ቱቦ ይወጣል። ከዚያ በወለሉ መሃል በሚያልፈው ዋሻ ውስጥ የብረት ቧንቧ እስከ ኋላ ይሄዳል። ከብረቱ እስከ ፖምፓው ሌላ ጎማ፣ ከፖምፓው እስከ ካርቡሬተሩ ሌላ ጎማ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። ሞተሩ የጋለ ነው፣ የምንፈታው ደግሞ ቤንዚን የያዘ ቱቦ ነው። ፖምፓው ከስፒንትሮጅኑ (እሳቱን ለየካንዴላው ከሚያከፋፍለው ክፍል) አጠገብ ነው የተቀመጠው። እኔ ቱቦ ከመንቀሌ በፊት እስኪበርድ እጠብቃለሁ፤ ቁልፉን አወጣለሁ፤ ሞተሪኖ (ማስነሻውን) ማዞር ካስፈለገ የቦቢናውን ሽቦ አስቀድሜ እነቅላለሁ። ወንድሜ የእሳት ማጥፊያውን ይዞ ይቆማል። ይስቅብኛል፣ ግን ይቆማል።

መጀመሪያ ከፖምፓው ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ቱቦ አውጥቼ ጫፉን ዕቃ ውስጥ ከተትኩት። ወንድሜ ሞተሪኖውን አዞረ። ጤነኛ ፖምፓ በየምቱ ጠንከር ያለ ግፊት ይተፋል። ይሄ አየር እየተፋ መሃል መሃል ላይ ትንሽ ቤንዚን ይቀላቅላል። ፖምፓው ሞቷል ለማለት ግን አልቸኮልኩም። አንድ ጊዜ ተምሬያለሁ።

ፖምፓው ውስጡ ቀላል ነው። ከስፒንትሮጅኑ ሥር የሚዞረው ዘንግ ላይ ያለች እብጠት አንዲት ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ ትገፋለች። ያቺ የፖምፓውን ክንድ ታንቀሳቅሳለች። ክንዱ ላስቲክ ሽፋኑን ሲጎትት ከሰርባትዮው ቤንዚን ይሳባል። ወደ ካርቡሬተሩ የሚገፋው ግን ክንዱ አይደለም፤ ከሽፋኑ ጋር ያለው ስፕሪንግ ነው። ካርቡሬተሩ ቋት ሲሞላ ተንሳፋፊዋ መርፌዋን ትዘጋለች፤ ልክ እንደ ሽንት ቤት ታንከር። ያኔ ስፕሪንጉ ተጨምቆ ይጠብቃል። ግፊቱ ትንሽ ነው፤ የቮልስ ካርቡሬተር የሚፈልገው 3 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ብዙ ከሆነ መርፌዋን አሸንፎ ቋቱን ያጥለቀልቃል። ላስቲኩ ከተበሳ ደግሞ ቤንዚኑ ወደ ሞተር ዘይት ይገባል። ስለዚህ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ አሸተትኩ። ቤንዚን አይሸትም። የዘይቱ ልክም ከፍ አላለም። ፖምፓውን በጥርጣሬ ትቼ አንድ ጣቢያ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቱቦ ነቀልኩት። ሰርባትዮው ከግማሽ በላይ በሆነ ጊዜ ይሄ ቱቦ ሲነቀል ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ቮልስ የፈታ ሰው ሁሉ አንድ ቀን በዚህ እጅጌው ርሷል፤ ለዚያ ነው መቆንጠጫ የሚዘጋጀው። እኔም መቆንጠጫ ይዤ ጠበቅኩ። ጠብ። ቆይቶ፣ ጠብ። ይኸው ነው። ፖምፓውም ተበዳይ ሆኖ ተገኘ።

ቀጣዩ ተጠርጣሪ የሰርባትዮው ክዳን ነበር። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። የአየር መግቢያው ከተደፈነ ሰርባትዮው ውስጥ መሳብ ይፈጠርና ቤንዚኑ አልወርድም ይላል። ምልክቱ ደግሞ ከእኛ ምልክት ጋር ይመሳሰላል፤ መኪናው ጥቂት ይሄዳል፣ ይደክማል፣ ይቆማል፣ ሲያርፍ አየር ሾልኮ ይገባና ይድናል። ክዳኑን ከፈትኩ። «ፉፍ» የሚል የአየር ድምፅ ጠበቅኩ። የለም። ጠብታውም አልጨመረም። ክዳኑ ነጻ ወጣ።

ወንድሜ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ከመኪናው ኋላ አመጣ። (ብስክሌት የለውም። ለምን እንደያዘው አልጠየቅኩም።) የቱቦውን ጫፍ ከመንፊያው ጋር አገናኝተን ቀስ ብለን ወደ ኋላ ነፋን። በአፍ አይነፋም፤ ቤንዚን የሚዋጥ ነገር አይደለም። ወንድሜ ከፊት ሆኖ ጆሮውን ወደ ሰርባትዮው አስጠጋ። «ይፍለቀለቃል!» አለ። መንፊያውን ስንነቅለው ቤንዚኑ እንደ ቀጭን ገመድ ወረደ። ቱቦዎቹን መለስን፣ ተነሳች፣ ቤት ገባን።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ስህተቴን የሠራሁት። ወደ ኋላ ሲነፋ የሚከፈት ነገር ቆሻሻ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰርባትዮ፣ ዝገት፣ መውጫው ላይ ወንፊት። ታሪኩ ሙሉ ነው። ሲሳብ ቆሻሻው ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሲቆም ይረግፋል። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሰርባትዮውን አወረድኩ። በአራት ብሎን ነው የሚያዘው፤ ማውረዱ ከባድ አይደለም፣ ባዶ ማድረጉ ነው የሚያሰለቸው። ውስጡን በባትሪ ሳየው ያገኘሁት ግማሽ ማንኪያ የሚሆን የዝገት ዱቄት ነው። ወንፊቱ ደህና ነው። «ይህቺ ናት እንዴ?» አልኩ፤ ግን አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ መለስኩት። ከሰርባትዮው ሥር ያለችውን አጭር ቱቦ አየኋት። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ያልተሰነጠቀች። ገና ሁለት ዓመቷ ነው። መልሼ ገጠምኳት።

ሁለት ቀን በሰላም ሄደች። ለሰው ሁሉ አወራሁ። በሦስተኛው ቀን እዚያው ዳገት ላይ፣ እንደ ሻማ።

የዚያን ቀን ጋሼ ጋር ስደውል የተቆጣ መሰለኝ። «ሰርባትዮው ንጹሕ ከሆነ፣ ፖምፓው ጋ ካልደረሰ፣ በመሃል ምን አለ?» አለኝ። ብረትና ጎማ። «ብረቱን በአየር ንፊው። ጎማውን ግን በዓይን አትመኚው፣ ቅደጂው።»

ብረቱ ክፍት ነበር። ሁለቱን ጫፎች ነቅዬ ስነፋው አየሩ ያለ ችግር አለፈ። የፊቷን ቱቦ አውጥቼ በብርሃን ትይዩ አየኋት። ጨለማ። ሙሉ በሙሉ አልተዘጋችም፤ ጨረቃ የመሰለ ቀጭን ብርሃን ከአንድ ጎን ይታያል። በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቅኳት።

ውጭዋ አዲስ፣ ውስጧ ሌላ ነገር። የውስጠኛው ሽፋን አብጦ እንደ ረጠበ ወረቀት ከግድግዳው ተላቋል። አንዱ ጫፉ ተያይዟል፣ ሌላው ጫፍ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል፤ የምላሱ ጫፍ ወደ ሰርባትዮው ነው። ቤንዚኑ ወደ ፖምፓው ሲሮጥ ከምላሷ ሥር ይገባና ያነሳታል፤ ተነስታ መንገዱን ትዘጋለች። መሳቡ ሲቆም ቀስ ብላ ትመለሳለች። ከኋላ ሲነፋባት ደግሞ ግድግዳው ላይ ተኝታ በሩን ትከፍታለች። የመፍለቅለቁ ድምፅ ከዚህ ነው የመጣው፤ እኔ ዝገት ነው ብዬ ቅዳሜዬን ሰጠሁት። ሰርባትዮውን ሳወርድና ስመልስ ቱቦዋን አጣጥፌያታለሁ፤ ያቺ የሁለት ቀን ሰላም የመጣችው ከዚያ ይመስለኛል። ግቢ ውስጥ ለምን እንደማትጠፋም ገባኝ። በሚኒሞ ሞተሩ የሚጠጣው ትንሽ ነው፤ ጨረቃዋ ቀዳዳ ትበቃዋለች። ዳገት ላይ ሙሉ ጋዝ ሲረገጥ አትበቃውም፤ ቋቱ ቀስ በቀስ እየጎደለ ይሄዳል።

ወደ አባቴ ደብተር ልመለስ። እሱ በሚነዳት ዘመን ቤንዚኑ ቤንዚን ብቻ ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ ኢታኖል ይቀላቀልበታል፤ 10 ከመቶ የተለመደ ነው። ኢታኖል ለእሱ ያልተሠራ ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል፣ ይልጣል። ስለዚህ ቱቦ ሲገዛ ውጭው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። ኤስኤኢ ጄ30 አር7 ወይም አር9 የሚል ጽሑፍ ይፈለጋል። አር9 ለኢንጀክሽን (በካርቡሬተር ፋንታ ቤንዚን በግፊት ለሚረጭ) መኪና የተሠራ ነው፤ ውስጡ የተሻለ ሽፋን አለው፣ ለእኛ ከበቂ በላይ ነው። እኔ የገዛሁት ቱቦ ላይ ምንም አልተጻፈም። ያኔ አላነበብኩም፤ የሚነበብም አልነበረውም። ልኩም ልብ ይባል፤ የቮልስ ቱቦ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ሩብ ኢንች የሚባለው ከ6 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ ይገባል፣ ግን ይላላል። በክላምፕ አጥብቄ እይዘዋለሁ ማለት ነገ ሞተር ላይ የሚያንጠባጥብ ቱቦ መሥራት ነው።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር አስተካከልኩ። ብርሃን የሚያሳልፈውን የፕላስቲክ ፊልትሮ ቀድሞ የገጠምኩት ከስፒንትሮጅኑ በላይ፣ በፖምፓውና በካርቡሬተሩ መካከል ነበር። ፊልትሮው ከብዶ ቱቦውን ይጎትታል፣ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው የነሐስ መግቢያም በዕድሜ ትላላለች። ከተነቀለች ቤንዚኑ የሚፈሰው እሳት ላይ ነው። ወደ መኪናዋ ሥር፣ ከሞተሩ ራቅ ወዳለ ቦታ አዛወርኩት። የነሐሷንም መግቢያ ጎትቼ ፈተንኳት፤ ጠብቃለች። ደግሞ ይሄ ፊልትሮ ግማሽ ባዶ ሆኖ ቢታይ አትደንግጡ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት «አየር ገብቷል» ብዬ ሁለት ፊልትሮ ጥያለሁ። ቤንዚን እስካለፈበት ድረስ ግማሽ መሆኑ ምንም አይደለም።

አዲሷን ቱቦ ከፊት ገጥሜ ያንኑ ዳገት ሦስት ጊዜ ወጣሁት። አንድ ሰዓት ከሩብ ነዳሁ። አልጠፋችም። ወንድሜ መንፊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሃያ ሁለተኛዋን ደቂቃ በሰዓት ሲጠብቅ ነበር።

ቤት ገብቼ ኮፈኑን ልዘጋ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ የገዛሁት አንድ ሜትር ነበር። ከፊት የገባችው ከስንዝር ብዙም ካልበለጠች፣ የተረፈው የት ሄደ? ተንበርክኬ ከሥር አየሁ። ከብረቱ እስከ ፖምፓው ያለችው ቱቦ፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ያልተሰነጠቀች፣ ምንም ያልተጻፈባት። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅኩና አወጣኋት። ምላጩ እዚያው ነበር። ሰነጠቅኳት። ከጫፏ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ ሽፋኑ መላጥ ጀምሯል።